ጦር ሜዳው ይቅደም፣ ባሕሩ ይቆይ፦ ልጆች ይዘው ክዋዙሉ ናታል ለሚሄዱ ወጣት ወላጆች

ልጆቹን ይዞ ወደ ደቡብ አፍሪካዋ ክዋዙሉ ናታል የሚሄድ ወጣት ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ በባሕሩ ይጀምራል። በዕድሜ የገፋው የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ምክር ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ጦር ሜዳው ይቅደም፣ የዱር እንስሳቱ ይከተሉ፣ ባሕሩ መጨረሻ ይሁን። አሸዋ መቆፈር የጀመረን የስምንት ዓመት ልጅ “ተነስ፣ የድሮ ጦርነት የተካሄደበትን ቦታ እንይ” ቢሉት በጄ አይልም።

ጊዜውም ለኢትዮጵያውያን የተመቸ ነው። የአገራችን ተማሪዎች በክረምት ሲያርፉ እዚያ ቀዝቃዛውና ደረቁ ወቅት ነው። ሣሩ ይሳሳል፣ እንስሳቱ ውሃ ፍለጋ ስለሚወጡ በቀላሉ ይታያሉ፣ የወባ ስጋትም ይቀንሳል። ቢሆንም ወደ ሰሜኑ ጫፍ የሚዘልቅ ሰው ሐኪም ሳያማክር ባይሄድ ይመረጣል።

ከሁሉ በፊት ኢሳንድልዋና። ጃንዋሪ 22 ቀን 1879 (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሃያ ሺህ ያህል የዙሉ ተዋጊዎች፣ አብዛኞቹ ጦርና ጋሻ ብቻ ይዘው፣ ዘመናዊ ጠመንጃና መድፍ የታጠቀውን የእንግሊዝ ሰፈር ደመሰሱት። ከእንግሊዝ ወገን ከ1,300 በላይ ሰው አለቀ። ከዙሉዎቹም የወደቀው ብዙ ነው። የንጉሥ ሴትሽዋዮ ጦር የተሰለፈው በጎሽ አምሳል ነበር፤ ደረቱ ፊት ለፊት ይገጥማል፣ ሁለቱ ቀንዶች በግራና በቀኝ ዞረው ይከባሉ። ዛሬ በኢሳንድልዋና ተራራ ግርጌ ተበታትነው የሚታዩት ነጭ የድንጋይ ክምሮች እንግሊዞቹ የተቀበሩባቸው ናቸው። ለዙሉዎቹ መታሰቢያ የቆመው የነሐስ የጀግና ሐብል ግን የመጣው ከ120 ዓመት በኋላ፣ በ1999 ነው። ልጆች ይህን ልዩነት ራሳቸው አይተው ቢጠይቁ መልካም ነው።

ለኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ደግሞ አንድ የተለየ ክር አለ። በዚያ ቀን ጦሩን ለሁለት ከፍሎ ሰፈሩን ያስደመሰሰው ሎርድ ቼልምስፎርድ፣ ከዚያ 11 ዓመት ቀደም ብሎ ከእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጋር በመቅደላ ዘመቻ የተሳተፈ መኮንን ነበር። የልጅ ልጁ ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1910 እዚሁ አዲስ አበባ ተወለደ። አድጎ የአፋርን በረሃ አቋረጠ፣ በ1941 ደግሞ ጎጃም ውስጥ ከአርበኞች ጎን ተሰልፎ ጣሊያንን ወጋ። አያቱ ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣበትን አገር የልጅ ልጁ ነጻ ለማውጣት ተዋጋለት። ይህን የሚነግራቸው አባት ወይም እናት ያሏቸው ልጆች ታሪክ አይሰለቻቸውም።

ልጅ “አሸንፈው የለ? ታዲያ ለምን ተገዙ?” ማለቱ አይቀርም። መልሱ አይሸፋፈን። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ ጁላይ 4፣ እንግሊዝ ተጠናክራ መጥታ ኡሉንዲ ላይ ዙሉዎቹን አሸነፈች፤ ሴትሽዋዮም ተማርኮ ተጋዘ። ዐድዋ ግን ድሉ በተገኘበት ዓመት በተፈረመ ውል ነጻነታችንን አስከበረ። ዙሉዎቹ በጀግንነት አላነሱም። የምኒልክ ሠራዊት ግን ጠመንጃና መድፍ በብዛት ነበረው።

ሜዳው ለብቻው ሣርና ድንጋይ ነው፤ ቦታውን የሚያስጎበኝ፣ ቢቻል የአካባቢው ተወላጅ የሆነ አስጎብኚ የግድ ያስፈልጋል። ከሆቴሉ ክፍል ተቀንሶም ቢሆን የአስጎብኚ ገንዘብ መገኘት አለበት። በተለይ የንኮሜ ወንዝን የሚያይ ሰው በሁለቱም ዳርቻ ያሉትን ሙዚየሞች ሳይጎበኝ አይመለስ። በ1838 ቦሮች (የደች ዝርያ ያላቸው ነጭ ሰፋሪዎች) እና ዙሉዎች የተዋጉት እዚህ ነው። በአንዱ ዳርቻ 64 የነሐስ ሠረገሎች ክብ ሠርተው የቦሮቹን ድል ይዘክራሉ፤ ከማዶ ያለው ሙዚየም ያንኑ ቀን በዙሉዎቹ ዐይን ይተርካል። ውጊያው የተደረገበት ዲሴምበር 16 ዛሬ በደቡብ አፍሪካ የእርቅ ቀን ሆኖ ይከበራል።

የሊቨርፑል ደጋፊ ልጅ ያለው ቤተሰብ ስፓዮን ኮፕንም ይጨምር። በአንፊልድ ስታዲየም “ኮፕ” የሚባለው የደጋፊዎች መቀመጫ ስሙን ያገኘው እንግሊዞች በ1900 በቦሮች ከተሸነፉበት ከዚህ ኮረብታ ነው። ጋንዲ በዚያ ውጊያ የሕንዳውያን ቃሬዛ ተሸካሚዎችን ይመራ ነበር፤ ወጣቱ ቸርችልም እዚያው ነበር።

ከዚያ ወደ ሽሉሽሉዌ ኢምፎሎዚ ፓርክ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። መኪና ተከራይቶ የሚነዳ ሰው የሚነዳው በመንገዱ ግራ በኩል መሆኑን አይዘንጋ። ፓርኩ በ1895 የተከለለ፣ 960 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ነው። ነጭ አውራሪስ ከመቶ በታች ሆኖ ሊጠፋ ሲል የተረፈው እዚህ ነው። በ1960ዎቹ ኢያን ፕሌየርና ባልደረቦቹ እየያዙ ወደ ሌሎች ፓርኮች አጓጓዙት። አደኑ ግን አልቆመም፤ በ2023 በመላ አገሪቱ 499 አውራሪሶች በሕገ ወጥ አዳኞች ተገድለዋል፣ ከእነዚህም ከ300 በላይ የሚሆኑት በክዋዙሉ ናታል ነው። ስለዚህ በ2024 የፓርኩ ሠራተኞች ቀንዳቸውን መቁረጥ ጀመሩ። ቀንዱ እንደ ጥፍር ስለሆነ ሲቆረጥ አያምም፣ ተመልሶም ያድጋል። ቀንድ የሌለው አውራሪስ ያየ ልጅ ቅር እንዳይለው አስቀድሞ ይነገረው። አንበሳ ካልታየ ቀኑ ከሰረ ማለትም ጅልነት ነው። ማለዳ በር ሲከፈት መግባት፣ መኪናውን አቁሞ ዝም ማለት፣ ከተፈቀደ ቦታ ውጭ አለመውረድ ይበቃል። ትንንሽ ልጆችን የማይቀበሉ የሳፋሪ ጉዞዎች ስላሉ የዕድሜ ገደቡን ቀድሞ መጠየቅ ነው።

ከፓርኩ ቀጥሎ፣ ወደ ባሕሩ በኩል ባለችው ሴንት ሉሲያ ከተማ ማታ ማታ ጉማሬ በመንገድ ይዘዋወራል፤ ከእራት በኋላ ልጅ ይዞ በእግር መንሸራሸር አያስፈልግም። በከተማዋ አጠገብ ባለው ሐይቅም አዞ ስላለበት በጀልባ ሆኖ ማየት እንጂ መዋኘት አይሞከርም።

መጨረሻው ደርባን ነው። ሕንድ ውቅያኖስ እዚያ በጁላይ እንኳ ወደ 20 ዲግሪ ይሞቃል፤ ከ1952 ጀምሮም የሻርክ መከላከያ መረብ ተዘርግቷል። የኢሳንድልዋና ጀግኖች የልጅ ልጆች ግን በዚህ ዳርቻ ከነጮች እኩል መዋኘት የቻሉት የባሕር ዳርቻዎቹ ለሁሉም ክፍት ከሆኑበት ከ1989 ወዲህ ነው። ሜዳውን አስቀድሞ ያየ ልጅ ይህ ይገባዋል።

ከኢትዮጵያ የሚነሱ ቪዛና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ፣ ለልጆችም የልደት ምስክር ወረቀት ይያዙ። ደርባን ሲደርሱም ሕይወት አድን ሠራተኞች በተከሏቸው ባንዲራዎች መካከል ብቻ ይዋኙ፤ ውሃው ጸጥ ያለ ቢመስልም ልጆቻችሁን ከባንዲራው ውጭ አትልቀቁ።