ተመልካቹ ነገ ጠዋት የት ይሂድ?

ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈውን «የቀን ቅኝት» ብዙ የዚያ ዘመን አድማጮች ዛሬም ያስታውሱታል። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ያዘጋጀው ይህ ተከታታይ ድራማ 257 ክፍሎች ነበሩት። ስለ ኤችአይቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ቢያስተምርም ስብከት አልነበረም። ዳምጤ በውባለም ተታልሎ በቫይረሱ ሲያዝና ሚስቱ ፍቅርተ ስታስታምመው፣ አድማጩ ነገሩን የራሱ ሰፈር ጉዳይ አድርጎ ያዘው። ለአዘጋጆቹም በሺዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ጎረፉ።

የድራማው ስልት የተቀዳው ከሜክሲኳዊው ሚጌል ሳቢዶ ነው። በዚህ ስልት ሦስት ዓይነት ገጸ ባሕርያት አሉ፦ በጎውን የሚከተል፣ በጥፋት የሚነጉድና በሁለቱ መካከል የሚዋልል። ተመልካቹ ራሱን የሚያየው በሦስተኛው ነው። የሚወድቀውም የሚነሳውም፣ ቀስ እያለ የሚለወጠውም እሱ ስለሆነ።

ሳቢዶ ራሱ ግን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከባድ ትምህርት አግኝቷል። «ቬን ኮንሚጎ» የተባለው የቴሌቪዥን ድራማው ጎልማሶች ማንበብና መጻፍ እንዲማሩ ያበረታታ ነበር። አንድ ቀን የመማሪያ መጽሐፉ በነጻ የሚታደልበት ቦታ ተነገረ። በማግስቱ ሕዝቡ ቦታውን አጥለቀለቀው፤ የሜክሲኮ ሲቲ መንገድ ተጨናነቀ፣ መጽሐፉም አለቀ። ድራማው ሰዉን ማነሳሳት ችሏል፤ የተነሳሳውን ሰው ለመቀበል ግን በቂ ዝግጅት አልነበረም።

በቦንጋም ሆነ በሌላው የካፋ ዞን ከተማ ስለ አረቄና ስለ ጫት ሱስ አኒሜሽን ሊያሠራ የሚነሳ በጎ አድራጎት ድርጅት ከዚህ ታሪክ መጀመር አለበት። አኒሜሽን መምረጡ ራሱ ተገቢ ነው። ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ ከሱስ ያገገመን ሰው ፊት ለፊት ቀርጾ ማሳየት ለሐሜት አሳልፎ መስጠት ነው። ሥዕል ግን ታሪኩን ይዞ ባለታሪኩን ይሸሽጋል።

ሥዕሉ ምን ያሳይ? የራስ ቅልና የመቃብር ምስል ያስደነግጥ ይሆናል፤ ሱስ የያዘው ሰው ግን «ይሄ እኔ አይደለሁም» ብሎ ያልፈዋል። አረፋው የሚፈላ ብርጭቆ አሳምሮ መሣልም አደጋ አለው፤ መጠጡን ማየት ብቻውን አምሮት ይቀሰቅሳል። ይልቅ የቡና አገር ሰው የሚያውቀውን እንሣል፦ ጠዋት አቦል ተቀድቶ ሲኒው የቀረበለት አባወራ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ቡናው ረከቦቱ ላይ ይፈሳል፤ ልጁ አይታ እንዳላየች ዞር ትላለች። አስተያየት ሰጪ ድምፅ አያስፈልግም። ድምፅ ካስፈለገም ከአማርኛው ጎን በካፊኖኖ መቀዳት አለበት።

ሥራው ገንዘብ አነሰ ተብሎ መተው የለበትም። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም የጀመሩት በካልሲ በተሠራች የቀጭኔ አሻንጉሊት ነው። በእጅ የሚሣል አኒሜሽን በሰከንድ 12 ሥዕል ቢይዝ ለአንድ ደቂቃ 720 ሥዕል ይጠይቃል። ስለዚህ እርማት የሚያዋጣው ሥዕሎቹ ገና ሳይንቀሳቀሱ፣ ድርጊቱ በንድፍ ተደርድሮና ድምፅ ተጨምሮበት ሲታይ ነው። ያን ጊዜ ያገገሙ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው አይተው «እንዲህ አይባልም» ይበሉ።

ትልቁ ጥንቃቄ መጨረሻው ላይ ነው። «ዛሬውኑ ጣለው!» የሚል መፈክር ጀግና ያስመስላል፤ ለዓመታት በየቀኑ አረቄ የጠጣ ሰው ግን በድንገት ቢያቆም ሊንፈራገጥ፣ ሊቃዥ፣ ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል። የሐኪም ክትትል ይፈልጋል። ስለዚህ ፊልሙ «አቁም» ከማለቱ በፊት «ወደዚህ ና» ማለት መቻል አለበት። ቦንጋ ላይ ከገብረ ፃድቅ ሻዎ ሆስፒታል ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያሻል፦ የሚመጣውን ማን ይቀበለዋል? በየትኛው ቀን? ከአቅም በላይ ሲሆን ወደ ጅማ የሚላከው እንዴት ነው? የትራንስፖርቱን ወጪስ ማን ይሸፍናል?

«የቀን ቅኝት» ሲተላለፍ አዘጋጆቹ ያደረጉት አንድ ነገር እዚህም ይሠራል። በጤና ተቋማት አዲስ የሚመጡ ተገልጋዮች ድራማውን ይከታተሉ እንደሆነ ይጠየቁ ነበር። የቦንጋው ድርጅትም ፊልሙን ስንት ሰው እንዳየው ብቻ ቆጥሮ ከመኩራራት፣ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ «ስለዚህ አገልግሎት ከየት ሰሙ?» ብሎ እንዲመዘግብ ቢያደርግ ይሻላል። የሚቀበል ሰው ገና ካልተዘጋጀ ደግሞ ፊልሙ ይቆይ። እርዳታ ፈልጎ መጥቶ ባዶ እጁን የተመለሰ ሱሰኛን ሁለተኛ ጊዜ ማሳመን ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብዳል።