የሐሳብ ባለቤት ማን ነው?

ከሌሎች ጋር ተነጋግሮ የበሰለ ሐሳብ የማን ነው? ቶሮንቶ ውስጥ ይህ የፍልስፍና ጥያቄ ክፍል ድረስ ገብቷል።

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የትምህርት ተመራማሪዎቹ ማርሊን ስካርዳማሊያና ካርል ቤራይተር እዚያ ልጆች ሐሳባቸውን ሁሉም በሚያየው የኮምፒውተር ገጽ ላይ የሚያኖሩበትን ፕሮግራም ሠሩ፤ በ1997 «ኖውሌጅ ፎረም» የተባለው ፕሮግራም ከዚያ ተወለደ። ቅጠል በመከር ለምን እንደሚቀላ የሚመራመር ክፍል ይታሰብ፤ አንዷ «የእኔ መላ ምት» ብላ ትጽፋለች፣ ሌላው «ልረዳው የምፈልገው» ብሎ ከጽሑፏ ሥር ይቀጥላል። የተሳሳተው መላ ምት አይሰረዝም፤ ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ነው፤ ሐሳቡ የመጣበት መንገድ ለሁሉም ይታያል።

የቅኔ ቤት ተማሪ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ቅኔውን ለብቻው ይቆጥራል፣ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ነግሮ ይታረማል።

ውጤት ለየብቻ በሚሰጥበት ክፍል ግን ልጆች መልሳቸውን መደበቃቸው አይቀርም፤ ይህን ፕሮግራሙ ሳይሆን መምህሩ ነው የሚለውጠው።