ንድፍ ካርታና ኃላፊነት

በውጊያ ዕቅድ ላይ የሚፈጸም ስሕተት የሙያ ጉድለት ብቻ ነውን? ወይስ የሥነ ምግባር በደልም ይሆናል? የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የሆነው ጥያቄውን በግልጽ ያቀርበዋል።

ጄኔራል ባራቲዬሪ ወደ 17,700 የሚጠጋ ሠራዊቱን በአራት ብርጌድ ከፍሎ በሌሊት አንቀሳቀሰ። ከፍተኛ ቦታዎችን ይዞ፣ ክንፎቹን አደጋግፎ ለመጠበቅ ያወጣው ስልት በራሱ የሚነቀፍ አልነበረም። ዳሩ ግን መደጋገፉ የተመሠረተው በአንድ ንድፍ ካርታ ላይ ነበር። በካርታው «ኪዳነ ምሕረት» የተባለው ኮረብታ ሌላ ነበር፤ እውነተኛው እንዳ ኪዳነ ምሕረት ኪሎ ሜትሮች ወደ ፊት ይገኛል። የግራውን ብርጌድ የመራው አልበርቶኔ ስሙን ተከትሎ ገሠገሠ፤ ብቻውንም ከምኒልክ ሠራዊት ጋር ተፋጠጠ። የቀሩትም ብርጌዶች በየተራ ተመቱ።

አልበርቶኔ ለትእዛዙ ፊደል ታዘዘ፤ ይህ የበታች አዛዥ መከላከያ ሊሆን ይችላል። መሬቱን በሚገባ ሳያስቃኝ ትእዛዝ የፈረመ የበላይ ግን «አላወቅሁም» ማለት አይበቃውም፤ አለማወቁን ያውቅ ነበርና።

የአልበርቶኔ ብርጌድ አብዛኛው ኤርትራውያን አስካሪዎች ነበሩ። ካርታውን አልሣሉም፤ ዕቅዱን አላወጡም። ከተማረኩት ብዙዎቹ እንደ ከሐዲ ተቆጥረው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። (ይህኛው ዕዳ የአሸናፊው ነው፤ ድሉን የሚያወሱ ብዙዎች በዝምታ ያልፉታል።)

በዚያው ዓመት ሰኔ አስመራ ላይ የተሰየመው ወታደራዊ ችሎት ባራቲዬሪን ከወንጀል ነጻ አወጣው። እንዲህ ያለ ከባድ ኃላፊነት ለማይመጥን ሰው መሰጠቱ እንደሚያሳዝነው ግን ገለጸ፤ ማለትም የጥፋቱን ከፊል ወደ ሿሚዎቹ አሻገረው።