እጓለ ቋዓትና የጓሮ ኩሬ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።



በግእዝ ሥርዓታችን በነሐሴ ወር የሚገኘው የክረምት ክፍል እጓለ ቋዓት፣ ደሰያት፣ ዓይነ ኵሉ ይባላል፤ የቁራ ጫጩቶች፣ ደሴቶች፣ የሁሉ ዓይን ማለት ነው። ዝናቡ በበረታበት፣ የገበሬውም ጎተራ በሚጎድልበት በዚህ ወራት ቤተ ክርስቲያን ከአዕዋፍ ሁሉ መርጣ ቁራን ማንሣቷ ያስገርማል። ቁራ በሕገ ኦሪት ከማይበሉት ወፎች ተቈጥሯል (ዘሌ. 11፥15)፤ ድምፁም ጆሮን አይስብም። ነገር ግን መዝሙረኛው ጫጩቶቹ ሲጮኹ እግዚአብሔር እንደሚመግባቸው ይመሰክራል (መዝ. 146(147)፥9)፤ ጌታችንም ቁራዎችን እንድንመለከት አዞናል (ሉቃ. 12፥24)። እንግዲህ ለሰው ጥቅም የማይሰጠው ፍጥረት እንኳ በእግዚአብሔር ማዕድ ቦታ አለው።

ይህንን ትምህርት በዲማና በአካባቢዋ በእጃችን ልንሠራው እንችላለን፤ ይኸውም ከጓሮ ወይም ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ ለወፉ፣ ለእንቁራሪቱና ለንቡ የምትሆን አንዲት ትንሽ ኩሬ በማበጀት ነው። ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ የብዙ ወንዞች መነሻ ቢሆንም፣ እርሻው እየገፋ፣ ባሕር ዛፉም ወደ ምንጩ እየተጠጋ ሲሄድ ረግረጉ ይጠብባል፤ በዚያ የሚኖረውም ፍጥረት ይሰደዳል። ዲማ በቅኔ ትምህርት የታወቀች፣ ሐዲስ ዓለማየሁም የተማሩባት አገር ናት። የቅኔ ተማሪ ሰሙን የሚያገኘው ከሚያየው ፍጥረት ነውና፣ ወፉና ንቡ ከራቁ ተማሪውም ሰም ያጣል እላለሁ። በእኅት ቤተ ክርስቲያናችን አጸዶች ተጠብቀው የኖሩት ዛፎች ለአዕዋፍ መጠጊያ እንደሆኑ ሁሉ፣ እኛም ውኃ ብንጨምርላቸው መልካም ጉርብትና ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ሳይመለስ አይታለፍም። እናቶችና ልጃገረዶች እንስራና ጀሪካን ተሸክመው ሩቅ በሚሄዱበት አገር ለወፍ ኩሬ መቈፈር ተገቢ ነውን? ጥያቄው ከስስት የመጣ አይደለም፤ ከድካም የመጣ ነው። መልሱን በኦሪት ዘጸአት እናገኛለን። በሰባተኛው ዓመት መሬቱ ያርፋል፤ የበቀለውን በመጀመሪያ ድሆች ይበላሉ፤ ከእነርሱ የተረፈውን ደግሞ የምድር አራዊት ይበላሉ (ዘጸ. 23፥11)። ሕጉ ድሃውን ያስቀድማል፤ አራዊቱን ግን ከገበታው አያስወጣም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2007 ዓ.ም. በጻፉት “ላውዳቶ ሲ” በተባለው ሐዋርያዊ መልእክት የድሆችን ጩኸትና የምድርን ጩኸት አንድ ላይ እንድንሰማ አስተምረዋል፤ ንጹሕ የመጠጥ ውኃም የሰው ልጅ መብት መሆኑን ገልጸዋል።

ሥራውም ይህንኑ ቅደም ተከተል ይከተል። ምንጩ ይከደን፣ ይታጠርም፤ ከቧንቧው ሰው ይቅዳ። ትርፉ ወደ ከብቶች ገንዳ ይውረድ፤ ከገንዳው የሚፈሰው ደግሞ በከንቱ ጭቃ ከሚሆን ወደ ኩሬው ይግባ። ሰው የሚጠጣው አንዲት ጣሳ እንኳ አይጎድልበትም።

በ1990ዎቹ አጋማሽ በክልላችን በየቤቱ ኩሬ ማስቈፈር በዘመቻ ተካሂዶ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ከእነዚያ ኩሬዎች ብዙዎቹ ውኃው ሰርጎ፣ ደለል ሞልቷቸው ቀርተዋል፤ ለሕፃናት አደጋ፣ ለትንኝም መራቢያ የሆኑም ነበሩ። ስለዚህ የኛዋ ኩሬ ጠባይዋ የተለየ ይሁን። ሦስት ወይም አራት እርምጃ ስፋት ይበቃታል፤ ከመካከሏም ከጉልበት አትለፍ። ወለሏ በዋልካ አፈር ይመረግ፤ ጭቃው እንደ ቤት ምርጊት በእግር በደንብ ይረገጥ፤ ጭድ ግን አይግባበት፤ ጭድ ሲበሰብስ ለውኃው መሹለኪያ ይከፍታልና። አንደኛው ዳሯ ቀስ እያለ የሚወርድ ይሁን። ገደል የሆነ ዳር የገባውን ፍጥረት አያስወጣም፤ ወፍም ቆሞ መጠጣት አይችልም። ንብ ውኃ ስትቀዳ እንዳትሰጥም ጥቂት ድንጋዮች ከውኃው በላይ ይታዩ። በዳርና ዳር ቄጠማና ፊላ ይተከል፤ ባሕር ዛፍ ግን ይራቅ። እንቁራሪቶች ከመጡ አታባርሯቸው፤ የፈርዖንን መቅሠፍት እያሰቡ የሚጠሏቸው ባይጠፉም፣ ትንኝን የሚበሉልን እነርሱ ናቸው። ወባ ባለበት ቀበሌ ኩሬው ከመኖሪያ ቤት ይራቅ። ሕፃናት ባሉበትም ሁሉ ዙሪያው ይታጠር፤ በዚህ ነገር ችላ ማለት አይገባም።

ቁፋሮው ከሰኔ በፊት ቢያልቅ ክረምቱ ይሞላዋል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በነሐሴ ልጆቹን ወደዚያ ወስደው፣ ምንጮች ለዱር አራዊት ስለሚፈሱበት የሚናገረውን መዝሙር 103(104)ን ያንብቡላቸው። አዳም ለእንስሳት ስም እንዳወጣ (ዘፍ. 2፥19)፣ ልጆቹም የመጣውን ፍጥረት ሁሉ ባገሩ ስም ለመጥራት ይሞክሩ፤ የማያውቁትን አያቶቻቸውን ይጠይቁ። በመስከረም፣ አደይ አበባው ሲፈነዳ፣ የመስቀል ወፍ ቄጠማው ላይ አርፎ ያገኙት ይሆናል።