የአንበጣ ጦርነትና የባልንጀራ ቀፎ

ሰብልን ከሚያጠፋ ተባይ ጋር መዋጋት ለክርስቲያን ተፈቅዷልን? አዎን፤ ገነትን የማበጀትና የመጠበቅ አደራ ለአዳም ተሰጥቶት ነበርና። ነገር ግን በማንኛውም መሣሪያ መዋጋት ተፈቅዷልን? እኛ የምንጠይቀው ይህን ነው።

በ2012 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር የበረሓ አንበጣ ወደ ሰሜን ኬንያ ገባ፤ በሚከተሉትም ሳምንታት ወደ ሞያሌ ደረሰ። ኬንያ እንዲህ ያለ መንጋ ካየች 70 ዓመት ሆኖአት ነበር። ሞያሌን ድንበር ለሁለት ከፍሎአታል፤ በወዲህም በወዲያም አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ቦረናዎች ይኖራሉ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ ለ35,000 ሰው የሚበቃውን ምግብ በአንድ ቀን ይጨርሳል። ይህን ለመግታት በአካባቢው አገሮች እንደ ማላታዮን ያለ መርዝ ተረጨ። መርዙ ግን አንበጣን ከንብ አይለይም፤ ነፋስም ሲወስደው በኬላ አይቆምም። በአንዱ ወገን ማሽላውን ያዳነ ሰው በማዶ ያለውን ቀፎ ባዶ ሊያስቀር ይችላል።

በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 20 ሙሴ፥ ከተማን የከበበ ሠራዊት እንኳ የሚበላ ፍሬ ያለውን ዛፍ እንዳይቈርጥ ከልክሎአል። ለጠላት ዛፍ ሕግ ካለ፥ ለባልንጀራ ንብ እንዴት አይኖርም? የመጥምቁ ዮሐንስም ምግብ አንበጣና የበረሓ ማር ነበረ፤ ጥንቃቄ የሌለው መርዝ ሁለቱንም ከማዕድ ያነሣል።

«የራበው ሰው አይታገሥም» የሚል ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፤ መንጋው በማሳው ባረፈበት ቀን መርዝ በረጨው ገበሬ ላይ ልንፈርድ አንደፍርም። ይሁን እንጂ ጥፋቱ የሚጀምረው በዚያ ቀን አይደለም። ኩብኩባው ክንፍ እስኪያወጣ ድረስ አንድ ወር ያህል በምድር ላይ ይዘላል። በዚያን ጊዜ ሜታራይዚየም የተባለው ሻጋታ ቢረጭበት ይሞታል፤ ይህ ሻጋታ የሚገድለው አንበጣንና ፌንጣን ስለ ሆነ ንብን አይጎዳም። በሶማሊያ በ2012 ዓ.ም. ተረጭቶአል። ነገር ግን ለመግደል አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል፤ ስለዚህ አስቀድሞ የሚተጋ ሰው ያስፈልገዋል። አንበጣው በየመን ሲራባ ግን ሰዎች እርስ በርሳቸው ይዋጉ ነበርና በሚገባ የገታው አልነበረም። የድሀው ቀፎ የከፈለው የዚያን ዕዳ ጭምር ነው።

በደጋም ነገሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። የጎመኑን ትል በእጅ መልቀም ሲቻል መርዝ ረጭተን ዕቃውን በወንዝ ብናጥብ፥ ከታች የሚቀዳው ሰው ይጠጣዋል።

መርዝ ግድ በሆነበት ስፍራ ደግሞ አንበጣው ሳይነሣ፥ ንብም ከቀፎዋ ሳትወጣ በማለዳ ይረጭ። ከአንድ ቀን በፊት ለማዶው ሰው ይነገረው፤ ቀፎውን ይሸፍን፥ ከብቱንም ያርቅ፤ ከሞተው አንበጣም ሰው እንዳይበላ፥ ዶሮም እንዳይለቅም ይጠበቅ።