ሳቅ ይቅርታ አይሆንም

እናንተ የድንበር ሰፈራችን የቡቲዬ አባቶችና እናቶች፣ ልጆችም፣ ጆሮ ስጡኝ።

ማታ ማታ ቴሌቪዥን ፊት ተደርድራችሁ ስትስቁ እሰማለሁ። ሳቅን አልነቅፍም። መንግሥቱ ለማም በ«ያላቻ ጋብቻ» ተውኔታቸው ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ሰው የቤት ሠራተኛውን ሲያገባ የሚነሣውን የዘመድ ቁጣ አሳይተው አስቀውናል፤ ያስቁን የነበረው ግን እንድናፍር ነው። እናንተ ስቃችሁ ስታበቁ «እኛም እኮ እንደነሱ ነን!» ትሉና ትተኛላችሁ። ጥፋትን ማወቅ ብቻውን ንስሐ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

የቀልድ ድራማውን ሰው ፓፓ ሺራንዱላን አስታውሱ። በ2020 እ.ኤ.አ. ያረፈው ቻርልስ ቡኬኮ በሲቲዝን ቴሌቪዥን ሲጫወተው ኬንያ በሙሉ ይስቅ ነበር። ፓፓ ዘበኛ ነው፤ ሥራውን ግን ከሚስቱ ከዊልብሮዳ ይደብቃል። እኛ ምስጢሩን ስለምናውቅ እንስቃለን፤ እስቲ በእሷ ቦታ ሁኑ! የእኛ ድንበር ደግሞ ለእንዲህ ያለው ውሸት የተመቸ ነው። ኬላውን ተሻግሮ ሸቀጥ ሲሸከም የሚውለው ሰው፣ ቤቱ ሲመለስ «ነጋዴ ነኝ» ይላል። ሸክም ነውር አይደለም፤ ሰው በላቡ ያድራል። ነውሩ ሚስት የባሏን ሥራ ከጎረቤት አፍ መስማቷ ነው። ልጅም አጠገብ ሆኖ አባቱ እንዴት እንደሚዋሽ ያጠናል።

«ቤቶች» የተባለውን ድራማም ታያላችሁ። እነ ጥላሁን ጉግሳ ይጨቃጨቃሉ፤ ግን ፊት ለፊት ተያይተው ነው። እናንተ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ፣ ቃል ሳትለዋወጡ ታመሻላችሁ። የእነሱን ጠብ ደራሲው ያበርደዋል። የእናንተ ግን ከርሞ ከርሞ እኛ ሽማግሌዎች ፊት ሲደርስ ማን እንደጀመረው እንኳ የሚያስታውስ አይገኝም።

አንተ አባት፣ ምን ሠርተህ እንደምታድር ለሚስትህ ዛሬውኑ ንገራት። አንቺ እናት፣ የልጅሽን ጥፋት ከአባቱ አትሸሽጊ፤ ሽሽግ ያደገ ልጅ ኋላ አንቺኑ ይሸሽግሻል። እናንተ ልጆች፣ የአባታችሁን ድክመት በስልክ ቀርፃችሁ ለሰው መሣቂያ አታድርጉት።

ይህን የሰማ ቤት ይባረክ። ሰምቶ የሳቀ ግን ነገ ተካስሶ ሲቀርብ «ቀልድ ነበር» ቢል፣ እኔ አልቀበለውም።