ጡጦ የሚያስፈልገው ማን ነው?

የቅዳሜ ጸሎት ሊጀመር ሩብ ሰዓት ያህል ቀርቶ ነበር። ጉንደ ወይን ላይ እንደ ልማዳችን ቀድመን የደረስን ስድስት ሰባት ወጣቶች ደጅ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠን እንጫወታለን። አንድ ወንድማችን ግን ጥግ ይዞ፣ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ብቻውን ይስቃል። ጠጋ ብዬ አየሁ፤ ቶም እና ጄሪ ነው። ይህ ወንድም ዕድሜው ወደ ሠላሳ የተጠጋ፣ የአንደኛ ደረጃ መምህር፣ እናቱንና ታናሽ እኅቱን በደመወዙ የሚያስተዳድር ሰው ነው።

«መምህር፣ ይኼ ለተማሪዎቹ ነው ወይስ ለራስህ?» አልሁት።

«ለራሴ ነው» አለ፣ ምንም ሳያፍር።

«እንግዲያው ጡጦም እናዋጣልህ!»

ሁሉም ሳቀ። እርሱም ጥቂት ፈገግ አለና ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ መጽሐፍ ቅዱሱን ገለጠ። ነገሩ እዚያው ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ይህ ሰው ሌላም ልማድ ነበረው። ባለ ካሬ ደብተር ላይ የዮናስን ታሪክ በተከታታይ ሥዕል ይሥላል። በአንድ ገጽ ስድስት ሳጥን፤ የሚናገረው ሰው ቃል ከአፉ አጠገብ እንደ አረፋ ተከቦ ይጻፋል። ዮናስ ቁምጣ ለብሶ ጋቢ ደርቧል፤ መርከበኞቹ ዱላ ይዘዋል፤ ባሕሩን ሲሥል ዓባይን በክረምት ያየ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። የሰንበት ትምህርት ልጆች በየሳምንቱ አዲሱን ገጽ ለማየት ይጋፉ ነበር። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ደብተሩ መምጣት አቆመ።

ለምን እንደ ሳቅሁ ራሴን ብጠይቅ ቶሎ የመጣልኝ መልስ «ትልቅ ሰው ስለሆነ ነዋ!» የሚል ነበር። ግን እውነት ነው? በማግስቱ እሑድ እኔና እነዚያው ጓደኞቼ ከፍለን ዲኤስቲቪ ቤት ገባን። አርሰናል ጎል ሲቆጠርበት ሚስትና ልጅ ያለው ሰው ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ሌላው ለማንቸስተር ብሎ ከጎረቤቱ ጋር ተኳርፏል። አይተውት ለማያውቁት፣ ስማቸውንም ለማያውቅ ሰዎች እራት የማይበላ ጎልማሳ አለ። ጡጦ ይገዛለት ያለ ግን የለም። ቃና ላይ በአማርኛ የተተረጎመ ተከታታይ ድራማ ሲጀምር ቡናውን እሳት ላይ የሚረሳ ቤተ ሰብም ብዙ ነው፤ ያም አያሳፍርም። እንግዲህ የምንለየው የልጅን ነገር ከአዋቂ አይደለም። ብዙ ሰው የሚያደርገውን ቁም ነገር፣ ጥቂት ሰው የሚያደርገውን የልጅ ሥራ ብለን ነው የምንጠራው።

ሌላም መለኪያ አለን፤ ይኼኛው የበለጠ ያሳፍረኛል። ጨዋታ እንጀራ ካመጣ እናከብረዋለን። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከተጀመረበት ዘመን አንሥቶ ከአርባ ዓመት በላይ ተረት ሲነግሩ፣ ድምፃቸውን እየለዋወጡ የአውሬውን ሁሉ ጠባይ ሲያሳዩ ኖሩ፤ በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር አዘነላቸው። ብሩክታዊት ጥጋቡ መምህርት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሻንጉሊት ቀጭኔ የሚቀርበውን «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ከባለቤቷ ጋር ጀመረች፤ ዛሬ ስሟን በክብር እናነሣለን። ግን ሁለቱም ከደመወዙና ከሽልማቱ በፊት አሻንጉሊትና ተረት የሚወድ ልብ ያስፈልጋቸው ነበር። ያ ልብ ጉንደ ወይን ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ብናገኘው እኛ ምን እንለው ነበር? መልሱን ከላይ ጽፌዋለሁ።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚልም አይጠፋም። የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ በአርባ አራት ሳጥን ተከፋፍሎ ሲሣል ማን ፈረንጅ አለው? በትልልቅ ሰዎች ሳሎን ተሰቅሎ አይተነዋል። ገና ሲደርስም ሽበት ያወጡ አባቶች ዱላ ይዘው ሩር ያሳድዱ የለም? የዚያን ዕለት ጌታም በሎሌው አይቆጣም ይባላል። ገበጣ ላይ ሲከራከሩ ፀሐይ የጠለቀችባቸው ሽማግሌዎችም አሉ። በሥራት ደበበ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው «ጀምበር» የተባለ የኮሚክ መጽሐፍ በአማርኛም ተዘጋጅቷል፤ ባለ ታሪኩ ዲግሪውን ይዞ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ይህን ሲያነብ የሚያፍር ምሩቅ ካለ፣ ስለ ራሱ ሲያነብ ነው የሚያፍረው።

እኛ ጎጃሞች ደግሞ ለተለየ ሰው ስም ማውጣት እንችልበታለን። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ፣ ከዚህ ብዙ በማይርቀው በዲማ፣ ካሣ ዳምጤ የሚያስበው ከሌላው ስለተለየ «ጉዱ ካሣ» ተባለ። ዛሬ መጽሐፉን የሚያነብ ሁሉ ከጉዱ ካሣ ጎን ይቆማል። በመጽሐፍ ውስጥ ቀላል ነው። በአጠገባችን ሲቀመጥ ግን ከሳቂዎቹ ጋር ነን።

ይህ ለእኛ ይበልጥ ሊከብደን ይገባ ነበር። በዚህ አካባቢ «ጴንጤ» ተብሎ በጣት መጠቆም ምን እንደሆነ ከእኛ ወዲያ የሚያውቅ የለም። ትምህርት ቤት ውስጥ ተለይቶ መቀመጥን፣ ከዘመድ ድግስ ላይ የሹክሹክታ ርእስ መሆንን ከመካከላችን ያልቀመሰ ጥቂት ነው። ያንን የቀመሰ አፍ ሌላውን ሰው መሳቂያ ለማድረግ ሲፈጥን ምን ይባላል?

ቃሉን እንይ እንጂ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው አንደኛ ቆሮንቶስ 13፥11 ነው፤ ጳውሎስ ሰው በሆነ ጊዜ የልጅነትን ነገር እንደ ተወ የሚናገርበት። እኔም ይህን ጥቅስ ለጦር መሣሪያነት ስጠቀምበት ኖሬአለሁ። ነገር ግን ምዕራፉ ስለ ፍቅር ነው፤ ጳውሎስም እዚያው ቀጥሎ እርሱ ራሱ ገና በመስተዋት እንደሚያይ፣ ዕውቀቱም ከፊል እንደሆነ ይናገራል። ስለ አሻንጉሊት አንድ ቃል የለም። ቆሮንቶሶችን በቀጥታ ሕፃናት ያላቸው ምዕራፍ 3 ላይ ነው። ምን አድርገው? ቀንቶባቸው፣ ተከራክረው፣ አንዱ የጳውሎስ ሌላው የአጵሎስ ነኝ ብሎ ስለ ተቧደኑ። ጠንካራ ምግብ ስላልቻሉ ወተት እንደ ጋታቸውም ይነግራቸዋል።

ይህን ሳነብ ደነገጥሁ። ለወንድሜ ጡጦ ላዋጣ ያልሁት እኔ ነኝ። በጳውሎስ ሚዛን ግን የዚያን ቀን ወተት የሚያስፈልገው ማን ነበር? በድመትና በአይጥ የሳቀው ሰው ነው ወይስ ጓደኞቹ እንዲስቁለት ወንድሙን የሸጠው?

ሉዊስ የናርኒያን ታሪኮች ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ዕድሜው ሃምሳ አልፎ ነበር፤ አላገባም፤ ልጅም አልነበረውም። ልጅ መምሰልን አጥብቆ መፍራት ራሱ ያለመብሰል ምልክት ነው ብሎም ጽፏል። የእኛ ቋንቋ ለዚህ ፍርሃት ስም አለው፤ ይሉኝታ። ይሉኝታ ክፉ ብቻ አይደለም። ለቅሶ ያስደርሳል፣ የተጣላን ያስታርቃል። ችግሩ የቅድስናን ልብስ ሲለብስ ነው። «ለአማኝ አይገባም» እንላለን፤ በልባችን ያለው ግን «ከተማው ምን ይለናል» ነው። ሜልኮል በመስኮት ሆና ዳዊትን የናቀችው ለዚህ ነበር፤ በገረዶች ዓይን ፊት መታየቱ ነው ያንገበገባት። የዳዊት ዘለላ አምልኮ ነበር፤ ካርቱንን ከዚያ ጋር ላስተካክል አልፈልግም። ያስተካከልሁት የእርስዋን ዓይንና የእኔን ዓይን ነው።

አንድ ሽማግሌያችን ይህን ስነግራቸው «ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ የሚያድረውንም ልታጸድቅልኝ ነው?» አሉኝ። አይደለም። በሥዕል ስለ ተሠራ ብቻ ንጹሕ የሆነ ነገር የለም፤ ለልጅም ለአዋቂም የማይሆን ርኩሰት የተሞላ ካርቱን አለ። አጨዳ ደርሶ አባቱ ብቻውን ጎንበስ ቀና ሲል፣ ጥላ ሥር ፊልም የሚያይ ጎረምሳም ሊወቀስ ይገባዋል። ግን የሚወቀሰው አባቱን ስለ ተወ ነው፤ እግር ኳስ ቢያይም ያው ነበር። ጳውሎስም ሁሉ ተፈቅዶልኛል ሲል ምንም እንዳይሠለጥንበት ይጠነቀቃል። ሰውን ስመዝን ሳቁን ትቼ ሸክሙን ባየሁ ኖሮ፣ ያ መምህር በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ከነበርነው ሁሉ ይከብድ ነበር። ሦስት ነፍስ ያስተዳድራል፤ በክፍሉ ስድሳ ልጅ ያስተምራል፤ ሰንበትን ደግሞ ለልጆቻችን ይሰጣል። ከዚህ ሁሉ መካከል ሩብ ሰዓት ቢስቅ ከማን ሰረቀ?

ባለፈው ሳምንት ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ኧረ ተወው፣ ቀልድ አይደል እንዴ» አለ፤ ቡናም አፈላልን። ደብተሩን አሳየኝ ስለው ግን ወሬ ቀየረ።

እሑድ ዕለት ከልጆቹ አንዷ፣ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ቀሚሷን እየጎተተች ወደ እኔ መጣች። የመጨረሻው ገጽ ላይ ዮናስ ዓሣው ሆድ ውስጥ ጨለማ ተቀምጦ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ነበር።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «ዮናስ መቼ ነው የሚወጣው?»